ለቡናው ምድር የምትሆነው ትንሽ ካሜራ የትኛዋ ናት?

መግቢያ

ካሜራ ሲነሳ አብዛኞቻችን ቶሎ የምንጠይቀው “ስንት ሜጋፒክስል ነው?” ብለን ነው። ሻጩም ይህንኑ ስለሚያውቅ መጀመሪያ የሚነግረን ቁጥሩን ነው። ይሁን እንጂ ከሚዛን ተነስቶ ወደ ቴፒ፣ ወደ በበቃ ወይም ወደ ማሻ ለሚወጣ የጋዜጠኝነት ተማሪ ይህ ጥያቄ ብዙም አይጠቅመውም። በእኛ አካባቢ ካሜራን የሚፈትኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነሱም ከዛፍ ጥላ ሥር ያለው ደብዛዛ ብርሃን፣ ዝናብና እርጥበቱ፣ እንዲሁም ከፊታችን የቆመው ሰው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ኮምፓክት የሚባሉትን ትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎች በእነዚህ ሦስት መመዘኛዎች ለማወዳደር እሞክራለሁ።

ጉዳዩ ለእኔ የትምህርት ብቻ አይደለም። ውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ ለበዓል ሲመጣ አንድ ያገለገለ ካሜራ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቶ ምርጫውን ለእኔ ትቶታል። አንድ ብቻ ነው፤ ቀሪውን የትምህርት ዘመኔን የምሠራው በእሱ ነው። ስለዚህ ከማስታወቂያ ሳይሆን ከምንሠራበት ቦታ ተነስቼ ማሰብ ነበረብኝ። ከእናንተም መካከል ተመሳሳይ ዕድል የሚገጥመው አይጠፋም ብዬ ስለማምን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ስልክ እያለ ካሜራ ለምን?

አንዳንድ ጓደኞቼ “ስልክ እያለ ካሜራ ምን ይሠራል?” ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጃፓን አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2010 ከ100 ሚሊዮን በላይ ሌንሳቸው የማይነቀል ካሜራዎችን ለገበያ አቅርበው ነበር። በ2023 ቁጥሩ ከ2 ሚሊዮን በታች ወርዷል። የበላቸው ስልክ ነው።

ስልክን መናቅም አይገባም። የአዲስ አበባው ፎቶግራፈር ግርማ በርታ የከተማዋን የጎዳና ሰዎች በአይፎን እያነሳ፣ ከአካባቢያቸው ነጥሎ በደማቅ ባለ አንድ ቀለም መደብ ላይ በማስቀመጥ በሠራቸው ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከጌቲ ኢሜጅስና ከኢንስታግራም የድጋፍ ሽልማት አግኝቷል። ከእሱ የምንማረው ትልቅ ካሜራ ለጥሩ ፎቶ ግዴታ አለመሆኑን ነው። ፀሐይ ባለበት፣ ቀረብ ብሎ ለማንሳት ደህና ስልክ ያለው ሰው ሌላ ካሜራ ባይገዛ አይጎዳም።

ነገር ግን ስልክ የሚያቅተው ቦታ አለ። አብዛኛው ስልክ ከርቀት ሲያቀርብ ምስሉን ቆርጦ ማተለቅ እንጂ በሌንስ ማቅረብ አይችልም። ጨለም ሲል ብዙ ምስሎችን ደራርቦ አንድ ስለሚያደርግ ለቆመ ነገር ጥሩ ነው፤ የሚንቀሳቀስ እጅ ግን ይደበዝዝበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቃለ መጠይቅ የምንቀዳው በስልኩ፣ ቤተሰብ ጋ የምንደውለው በስልኩ፣ መብራት ሲጠፋ መንገድ የምናየው በዚያው በስልኩ ነው። መስክ ላይ ባትሪው ካለቀ ሁሉም ሥራ አብሮ ይቆማል።

አንደኛ፦ ብርሃን

የበበቃ ወይም የቴፒ ቡና እርሻ ውስጥ ገብቶ የወጣ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። መንገዱ ላይ ፀሐይ ዐይን ታጠፋለች፤ ከጥላ ዛፎቹ ሥር ሲገቡ ግን ሰዓቱ የመሸ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሸካ ደን ውስጥ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር፣ አይ.ኤስ.ኦ. 100 ላይ፣ ሌንሱ በኤፍ 2.8 ተከፍቶ ተስማሚው የመዝጊያ ፍጥነት የሴኮንድ አንድ ሠላሳኛ ያህል ነው እንበል። ቡና የሚለቅም እጅ ግን አይቆምም። ሳይደበዝዝ ለመያዝ ቢያንስ የሴኮንድ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ያስፈልገናል። ፍጥነቱ አራት እጥፍ ስለጨመረ አይ.ኤስ.ኦ.ውም አራት እጥፍ ጨምሮ 400 ይሆናል። ይህ ምንም አይደለም። ሌንሱ ዙም ሲደረግ ወደ ኤፍ 5.6 የሚጠብብን ከሆነ ግን አይ.ኤስ.ኦ. 1600 ግድ ይለናል። በዚህን ጊዜ የካሜራው ማንነት ይታወቃል።

ማንነቱን የሚወስነው ሜጋፒክስሉ ሳይሆን ብርሃን ተቀባዩ፣ ማለትም ሴንሰሩ ነው። የርካሽ ኮምፓክት ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አንድ የቡና ፍሬ እንኳ አያክልም! “አንድ ኢንች” የሚባለው 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ስፋቱ የመጀመሪያውን አራት እጥፍ ነው። ኤ.ፒ.ኤስ.ሲ. የሚባለው ደግሞ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሥራ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ዝናብ ሲጥል ደጅ ላይ ሲኒና ሳፋ ብናስቀምጥ የትኛው ብዙ ውሃ እንደሚይዝ ግልጽ ነው። 20 ሜጋፒክስል በትንሹም በትልቁም ሴንሰር ላይ ሊኖር ይችላል። በትንሹ ላይ ግን እያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው ብርሃን ጥቂት ስለሆነ ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

በዚህ ላይ የፊት ጉዳይ አለ። ሰውየው ከዛፍ ሥር ቆሞ ከበስተጀርባው በቅጠሉ መሃል ነጭ ሰማይ ከታየ፣ ካሜራው በሰማዩ ተታሎ ብርሃኑን ይቀንሳል። ውጤቱ ጥሩ ሰማይና ከሰል የመሰለ ፊት ነው። መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ባለባት መቆጣጠሪያ አንድ ደረጃ ያህል መጨመር ነው። ስለዚህ ይህቺ መቆጣጠሪያ ሜኑ ውስጥ የተደበቀች ሳትሆን በጣት የምትገኝ ብትሆን ይመረጣል።

ሁለተኛ፦ ዝናብ፣ አቧራና መብራት

የደቡብ ምዕራብ ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም። ጠዋት ብራ የነበረው ሰማይ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። ብዙዎቹ ኮምፓክቶች ሲበሩ ሌንሳቸው እየወጣ፣ ሲጠፉ እየገባ የሚሠሩ ናቸው፤ ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ እርጥበትም የበጋ አቧራም ይዞ ሊገባ ይችላል። እርጥበት በቆየበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ይበቅላል፤ ሻጋታው መስታወቱን ከበላው አይመለስም።

ጥንቃቄው ውድ አይደለም። ካሜራውን ክዳኑ በደንብ በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ከሚመጡት እርጥበት መምጠጫ ትንንሽ ከረጢቶች ጋር ማኖር ነው። ከቀዝቃዛው ደጋ ወርዶ ሞቃታማው ቴፒ የገባ ሰው ደግሞ ካሜራውን ወዲያው አያውጣ። ቀዝቃዛ ሌንስ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኝ እንደ ሻይ ብርጭቆ ላብ ያወጣል። በቦርሳው ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቅ።

መብራትም አለ። ስለዚህ ከኃይል ማጠራቀሚያ (ፓወር ባንክ) በገመድ የሚሞላ ወይም ሁለተኛ ባትሪ ያለው ካሜራ ይሻላል። የድሮዎቹ የካኖን ፓወርሾት ኤ ዓይነት ካሜራዎች ብዙዎቹ በሁለት ተራ ድንጋይ የሚሠሩ ነበሩ። እስካሁን ቤቱ ያለው ሰው ባይጥላት ጥሩ ነው፤ ድንጋይ ከየትኛውም ኪዮስክ ይገኛል። ሱቅ ያለው ተራ ድንጋይ ቶሎ ስለሚያልቅ ግን ቻርጅ የሚደረገውን ዓይነት መያዝ ይበጃል።

ሦስተኛ፦ ርቀት

ካሜራ ስንመርጥ ከሰው የምንቆምበትን ርቀትም አብረን እንመርጣለን። ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው። የቆመን ሰው ከእግር እስከ ራሱ ለማንሳት በ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1.4 ሜትር ያህል መቅረብ ያስፈልጋል። በ100 ሚሊ ሜትር 5 ሜትር፣ በ960 ሚሊ ሜትር ደግሞ 48 ሜትር ያህል ይበቃል። በ1.4 ሜትር ርቀት ሰላም ሳይሉ ማንሳት አይቻልም። በ48 ሜትር ግን ሰውየው መነሳቱን ሳያውቅ ፊቱን ይዞ መሄድ ይቻላል።

በመስክ ልምምዳችን ወቅት ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ገበያ ውስጥ ቆረሪማና እርድ የሚሸጡ አንዲት እናትን አንስተው ነበር። አንደኛው ከመንገድ ማዶ ሆኖ በረጅም ዙም፣ ሌላኛዋ ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጣ። የመጀመሪያው ፎቶ ጥርት ያለ ነው፤ ሴትየዋ ግን ወደ ሌላ ያያሉ፣ መግለጫው ላይም “አንዲት ነጋዴ” ከማለት ሌላ የሚጻፍ አልተገኘም። ሁለተኛዋ ስትጠይቃቸው “ቆይ፣ ሻሼን ላስተካክል” አሉ፤ ከየት እንደመጡ፣ ቆረሪማው ስንት እንደሚሸጥ፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል እየነገሯት ተነሱ። በጋዜጣ የሚወጣው የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ነገሩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ አይቻልም ይላል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ከእነዚህም መካከል የሰውየው ታዋቂነት ወይም የሕዝብ ሥልጣን፣ እንዲሁም ምስሉ ሕዝብን ከሚመለከት ወይም በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር መያያዙ ይገኙበታል። የአደባባይ በዓል ማንሳት ሌላ ነው፤ ቡና ለቃሚዋን ነጥሎ አንስቶ ፊቷን ለሽያጭ ማቅረብ ሌላ።

ሚዛን ወደ ሱርማ ለሚሄዱ ጎብኚዎችም መተላለፊያ ናት። በዚያ አቅጣጫ ፎቶ በብር የመነሳት ልማድ ለዓመታት ታይቷል። ሰዎቹን መውቀስ አይቻልም፤ ብዙ ሌንስ አይተዋል፣ የተመለሰላቸው ፎቶ ግን ጥቂት ነው። እኛ ጋዜጠኞች ለመሆን የምንማር ልጆች ግን የገንዘብ መንገድ አይሆነንም። ያለን አማራጭ ቀርቦ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ቋንቋውን በሚችል ሰው አስነግሮ ማስፈቀድ ነው። የተነሳውን ፎቶ በካሜራዋ መስኮት ወዲያው ማሳየትም ብዙ ይረዳል። ትንሽ ካሜራ ለዚህ ትመቻለች፤ ሰውን አታስደነግጥም።

አራቱ ዓይነቶች ሲወዳደሩ

የመጀመሪያው ረጅም ዙም ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ካኖን ፓወርሾት ኤስ.ኤክስ. 740 ብንወስድ ከ24 እስከ 960 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ለወፍ፣ ለጉሬዛና ለእግር ኳስ ጥሩ ነው። ሴንሰሩ ግን ትንሹ ነው፤ ሌንሱም ሲረዝም እስከ ኤፍ 6.9 ይጠባል። ከቡና ጥላ ሥር ይቸገራል።

ሁለተኛው ውሃ የማይፈራው ነው። የ2019ኙ ኦሊምፐስ ቲ.ጂ. 6 እስከ 15 ሜትር ጥልቀት ውሃ አያስገባም፤ ሌንሱ ወደ ውጭ አይወጣም፤ በአንድ ሙሊት 340 ያህል ፎቶ ያነሳል። ሌንሱ በሰፊው በኩል ኤፍ 2 መሆኑም ያግዘዋል። ድክመቱ ያው ትንሹ ሴንሰር ነው።

ሦስተኛው በጎዳና ፎቶግራፈሮች የሚወደደው ሪኮ ጂ.አር. 3 ነው። እሱም በ2019 የወጣ ነው። ኤ.ፒ.ኤስ.ሲ. ሴንሰር ይዞ 257 ግራም ብቻ ይመዝናል። ዙም የለውም፤ 28 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ ብቻ ነው። ፍላሽም የለውም፤ ባትሪው 200 ያህል ፎቶ ላይ ያበቃል። ሌላ ካሜራ ላለው ሰው ግሩም ነው፤ አንድ ብቻ ለሚኖረው ተማሪ ግን ይጠብበታል።

አራተኛው የአንድ ኢንቹ ቤተሰብ ነው። የ2012ቱ ሶኒ አር.ኤክስ. 100 ከ28 እስከ 100 ሚሊ ሜትር፣ የ2014ቱ ካኖን ጂ 7 ኤክስ ደግሞ ከ24 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ይሄዳሉ። ሁለቱም በሰፊው በኩል ኤፍ 1.8 ናቸው። ልዩነታቸው የሚታየው 100 ላይ ነው። ሶኒው ወደ ኤፍ 4.9 ሲጠብ ካኖኑ በኤፍ 2.8 ይቆያል፤ ሦስት እጥፍ ብርሃን ማለት ነው። ካኖኑ ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን አናቱ ላይ ይዟል። በሌላ በኩል ባትሪው 210 ያህል ፎቶ ብቻ ሲያነሳ የሶኒው 330 ይደርሳል። ካኖኑ የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያም የለውም፤ ድምፅ በስልክ መቅዳት የግድ ነው።

ያገለገለ ሲገዛ ምን ይታያል?

1. በስልክ መብራት ሌንሱን በአግድም ማየት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ መተው ነው።
2. ዙሙን አሥር ጊዜ ማስወጣትና ማስገባት። ከተንቋቋ ወይም ከተደናቀፈ አቧራ ገብቶታል።
3. ሰማይን በኤፍ 8 ወይም በኤፍ 11 ማንሳት። ምስሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ።
4. ባትሪው ስንት ፎቶ እንደሚያነሳ መሞከር፤ ሁለተኛ ባትሪም መጠየቅ።

ማጠቃለያ

እኔ ለዘመዴ የላክሁለት ስም ካኖን ጂ 7 ኤክስ፣ ከሁለት ባትሪ ጋር ነው። ከጥላ ሥር ያያል፤ ፍላሽ አለው፤ 100 ሚሊ ሜትሩ ለመድረክና ለስብሰባ ይበቃል፤ 24ቱ ደግሞ ሰው አጠገብ እንድደርስ ያስገድደኛል። ዝናቡን በፕላስቲክ ከረጢትና በጃንጥላ እችለዋለሁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቡና ለቀማ የሚወጣ ሰው ይህን ዓይነት ቢይዝ አይቆጨውም። ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውል ግን ቲ.ጂ. 6ን ቢመርጥ ትክክል ነው። የክፍላችን ልጆች አዋጥተን ለጋራ የምንገዛ ከሆነም ሦስቱን መመዘኛዎች በየተራ እንጠይቅ፦ በጥላ ሥር ያያል ወይ? ዝናቡን ይችላል ወይ? ከሰው ምን ያህል ያርቀናል? ሜጋፒክስሉ ከዚያ በኋላ ይነሳ።