የሰብል ተባይና በሽታን ከሰማይ መቃኘት፦ ለኢሉባቦር ቡናና በቆሎ ያለው ጥቅምና ወሰን

በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮና በአካባቢያቸው የሚኖረው ገበሬ ቡናና በቆሎን ከዋና መተዳደሪያዎቹ ይቆጥራል። ሁለቱም ጠላት አላቸው። የቡና ፍሬ በሽታ በሀገራችን የታወቀው በ1971 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለጋውን ፍሬ እያጠቆረ ያረግፋል። የበቆሎ ጠንቅ የሆነው የአሜሪካ መጤ ተምች ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ገብቶ በፍጥነት ተዛምቷል። ጉዳቱ ዘግይቶ በታወቀ ቁጥር መከላከሉ ስለሚከብድ፣ «ከሰማይ አስቀድሞ ማየት ይቻላልን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የርቀት ቅኝት ማለት ከሰብሉ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ብርሃን በሳተላይት ወይም በድሮን መዝግቦ ማጥናት ነው። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ምግቡን ለማዘጋጀት ስለሚጠቀምበት ጥቂቱን ብቻ ይመልሳል፤ ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ታሕተ ቀይ ብርሃን ግን አብዝቶ ይመልሳል። ሲታመም ይህ ልዩነት ይጠብባል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል የልምላሜ መለኪያ ይገኛል። ለምሳሌ አንድ ማሳ ከታሕተ ቀዩ 50፣ ከቀዩ 5 በመቶ ቢመልስ፣ 45 ለ55 ተካፍሎ 0.82 ይሆናል። ከታመመ በኋላ 35 እና 12 በመቶ ቢመልስ፣ 23 ለ47 ተካፍሎ ወደ 0.49 ይወርዳል።

ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ የሚያነሡት ምስል ያለ ክፍያ ይሰራጫል። አንዱ የምስል ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሆነ፣ ሩብ ሄክታር በቆሎ በ25 ነጥቦች ይታያል።

ይሁን እንጂ በኢሉባቦር ሦስት እንቅፋቶች አሉ። የመጀመሪያው ደመና ነው፤ የቡና ፍሬ በሽታ የሚበረታው ሰማዩ በሚሸፈንበት የዝናብ ወራት ነው። ደመናን አልፎ የሚያይ ራዳር ቢኖርም የቅጠልን ቀለም አያነብም። ሁለተኛው ጥላ ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በተመዘገበው የያዮ ደን እንደሚታየው፣ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ስለሚበቅል ሳተላይቱ የሚያየው የጥላውን ዛፍ ነው። ሦስተኛው፣ ቅጠልን የሚያገረጣው በሽታ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ የማዳበሪያ እጥረትም ሆነ ውኃ የተኛበት መሬት ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል።

በመሆኑም ሳተላይት በሽታውን በስሙ አይጠራም፤ «አስቀድማችሁ ወደዚህ ማሳ ሂዱ» ይላል እንጂ። ይህም ይበልጥ የሚሠራው ጥላ በሌለበት የበቆሎ ማሳ ነው። ምልክቱ የታየበት ቦታ ሲደረስ፣ የግብርና ባለሙያውና ገበሬው የበቆሎውን የመሐል ቅጠሎች ገልጠው ትሉንና የመጋዝ ብናኝ የሚመስለውን ዓይነ ምድሩን ይፈልጉ። ቡናን ግን ሳተላይት ሳይጠብቁ በእግር እየዞሩ መመርመር ያስፈልጋል፤ በለጋው ፍሬ ላይ የሰረጎደ ጥቁር ነጥብ መኖሩን ይመልከቱ። በቡና አጠውልግ የደረቀ ግንድ ከተገኘም ነቅሎ እዚያው ማቃጠልና ገጀራውን በእሳት ማጽዳት ይገባል፤ በሽታው በቁስል በኩል ይተላለፋልና።

ለዚህ ቅንጅት ከሀገራችን የሚጠቀስ አብነት የስንዴ ዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ነው። በማሳ የታየው መረጃ ከነፋስና ከአየር ጠባይ ትንበያ ጋር ተዋሕዶ፣ በሽታው ወዴት ሊዛመት እንደሚችል ያመለክታል። መነሻው ግን ማሳው ውስጥ ቆሞ ቅጠሉን የመረመረው ሰው ነው። በኢሉባቦርም ቢሆን የሰማዩ ዓይን የሚጠቅመው በምድር ያለው ዓይን ከነቃ ነው።