እግሯ የተጎዳች ዳክዬ፤ ማስታመም ወይስ ማረድ?

ዳክዬ እንደ ዶሮ በእግሯ ተይዛ ስትነሣ በቀላሉ ትጎዳለች። ስለዚህ ክንፏን በሁለት እጅ አቅፎ ማንሣት ይገባል። ልጆች ስም አውጥተው ያሳደጓት ዳክዬ ስታነክስ ባለቤቶቹ የልማት ሠራተኛውን የሚጠይቁት «ትድናለች ወይ?» ብለው ነው። እኛ ግን «እስክትድንስ እንዴት ትኖራለች?» የሚለው ይቅደም እንላለን።

አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ወይም እግሩ ቀዝቅዞ ከጠቆረ፣ የእንስሳት ሐኪምም በቅርብ ከሌለ፣ በዚያው ዕለት ማረድ ይሻላል፤ ሥጋዋን የሚበላ ባይኖርም እንኳ። ቆዳው ካልተቀደደ ከሌሎቹ ለይቶ፣ ደረቅ ጭድ በወፍራሙ አንጥፎ፣ መኖና ውሃ አጠገቧ አድርጎ ማቆየት ነው። የወፍ አጥንት በ3 ሳምንት ገደማ ሊገጥም ይችላል። የውሃው ዕቃ መንቁሯንና ዓይኗን ነክራ ለማጠብ የሚበቃ ጥልቀት ይኑረው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በየጠዋቱ መታየት ያለበት፣ ራሷ መብላቷ፣ ላባዋን በመንቁሯ ማበጀቷ፣ ደረቷም ሲዳሰስ አለመክሳቱ ነው። ዳክዬ ሕመሟን ስለምትደብቅ ዝምታዋ ማስረጃ አይሆንም። እያነከሰች ወደ መኖው የምትሄድ ዳክዬ ዕድሜዋን ሙሉ ደኅና ልትኖር ትችላለች። ከተኛችበት ሳትነሣ በኩሷ የምትርሰውን፣ ደረቷም የቆሰለውን ማቆየት ግን ለባለቤቱ ስሜት እንጂ ለእሷ አይጠቅምም።

መድኃኒት ከተሰጣት ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳያልፍ ሥጋዋም እንቁላሏም አይበላም።