ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ድረስ ምን ይሠራል?

በትምህርት ቤታችን አንድ የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ማሽኑ ለመነሳት ሦስት ደቂቃ ከፈጀ፣ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ኮምፒውተር በሚጠቀሙበት ክፍል ውስጥ የሚባክነው የልጆቹ ተራ ነው። እኛ የኮምፒውተር ክበብ አባላት ይህ መዘግየት ከየት እንደሚመጣና ምንም ገንዘብ ሳይወጣ እንዴት እንደሚቀነስ አጥንተናል።

በቅድሚያ ጥበቃው ሁለት ክፍል እንዳለው እንወቅ። ማብሪያው ከተጫነበት ጊዜ ጀምሮ የዊንዶውስ ምልክት እስኪታይ ያለው ጊዜ የባዮስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የዊንዶውስ ነው። ባዮስ በማዘርቦርዱ ላይ በተተከለ ትንሽ ቺፕ ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው። በአዳዲስ ማሽኖች ላይ ቦታውን ዩኢኤፍአይ ቢወስድም ሰው አሁንም ባዮስ ይለዋል። ኃይል ሲያገኝ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ኪቦርዱን ይፈትሻል፤ ቀጥሎ ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ይፈልጋል። ባዮስ ውስጥ ገብተን የማንጠቀምበትን ነገር ብንዘጋ የሚያጥረው ይህ የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም ከመንካታችን በፊት ሁለቱን ክፍሎች በስልክ ሰዓት ለየብቻ እንለካ። የመጀመሪያው 10 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 2 ደቂቃ ከሆነ ባዮስን መነካካት ድካም ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላው ግን ሰው የማይጠረጥረው ነገር ነው፤ በኔትወርክ መነሳት። ወደ ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ከመሥሪያ ቤት የወጡ ናቸው። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ባለሙያዎች ዊንዶውስን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚጭኑት በኔትወርክ ኬብል በኩል ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ከዲስኩ በፊት ኔትወርኩን እንዲጠይቅ ተደርጎ ሊቀር ይችላል። ይህ ፒኤክስኢ የሚባለው አሠራር አድራሻ የሚሰጠው እንዳለ ይጠይቅና 4 ሰከንድ ይጠብቃል። መልስ ካጣ እንደገና ጠይቆ 8፣ ከዚያ 16፣ በመጨረሻም 32 ሰከንድ ይጠብቃል። የሒሳብ ተማሪዎች ደምሩት፤ ልክ 60 ሰከንድ ነው። ኬብሉ ካልተሰካ ግን ቶሎ ተስፋ ቆርጦ ወደ ዲስኩ ያልፋል። በላብራቶሪው የሚንቀራፈፍ ማሽን አስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ያለ ኬብል ሲቀመጥ ፈጥኖ ቢነሳ የሚያስገርም አይደለም።

መፍትሔው የማስነሻውን ቅደም ተከተል አስተካክሎ ሃርድ ዲስኩን አንደኛ ማድረግ፣ በኔትወርክ መነሳትንም መዝጋት ነው። የኔትወርክ ካርዱን ራሱን ግን አንዝጋ፤ ኢንተርኔት አብሮ ይጠፋል።

በጣም ያረጁ ማሽኖች ላይ ፍሎፒ ዲስክ እንዳለ ተመዝግቦ መሣሪያው ከሌለ፣ ባዮስ ስህተት አሳይቶ ኤፍ 1 እስኪነካ ሊቆም ይችላል፤ መዝገቡን «የለም» ማለት ነው። የድሮ ፕሪንተር የሚሰካባቸውን ወደቦች መዝጋት የሚያተርፈው ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፈጣን መነሳት የሚለው ምርጫ ካለ ረጅሙን የራም ፍተሻ ያስቀራል፤ አዲስ ራም በተጨመረ ሰሞን ግን ፍተሻው ቢደረግ እንመርጣለን።

ወደ ባዮስ ለመግባት ማሽኑ እንደበራ ቁልፉን ደጋግሞ መንካት ነው። በብዙ የዴል ማሽኖች ኤፍ 2፣ በኤችፒ ዴስክቶፖች ኤፍ 10፣ በሌኖቮ ዴስክቶፖች ኤፍ 1፣ በሌሎች ብዙዎች ደግሞ ዲሊት ነው። ገጾቹን ሁሉ ከመቀየራችን በፊት በስልክ ፎቶ እናንሳ፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይረን፣ አስቀምጠን፣ እንደገና እንለካ። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የትኛው እንደጠቀመው፣ የትኛው እንደጎዳው አያውቅም።

ሁለት ነገሮች እንዳይነኩ። ዩኤስቢ ከተዘጋ ኪቦርዱ ሊሞት ይችላል፤ ያለ ኪቦርድ ደግሞ ተመልሶ ገብቶ መክፈት አይቻልም። የሃርድ ዲስኩ የአሠራር ስልት፣ ሳታ ሞድ የሚባለው፣ ከተቀየረም ዊንዶውስ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።

ወላጆችም ቤት ያለውን ኮምፒውተር እንዲህ መለካት ይችላሉ። የዘገየው ሁለተኛው ክፍል ከሆነ፣ በታስክ ማኔጀር ውስጥ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች አይቶ የማያስፈልጉትን ማስቆም ይረዳል፤ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መተካት ከሁሉም ይበልጣል፤ እሱ ግን ገንዘብ ይጠይቃል።

ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ቀኑን ወደ ኋላ የሚመልስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ክብ ባትሪ ደክሟል ማለት ነው። በአብዛኛው ሲአር 2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ነው። ኃይሉ ሲቋረጥ በባዮስ ውስጥ ያስተካከልነውም አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል፣ እንዲህ ባለው ማሽን ላይ መጀመሪያ ባትሪው ይቀየር።