የቈሰለ አንጀትና ምግቡ

በመርካቶ እህል በረንዳ የሚመላለስ ሸማች ለቤተ ሰቡ የሚበጀውን እህል አሳምሮ ያውቃል። አንጀቱ የቈሰለ ሰው ግን ከዚሁ ገበያ ምን እንደሚበጀው የሚነግረው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነው። ጎረቤትም በርበሬውን፥ ወተቱን፥ ሥጋውን ኹሉ ይከለክለውና በሽተኛው በደዌው ላይ ረኃብ ይጨመርበታል።

ደዌው የሰውነት ተከላካይ ኀይል በገዛ አንጀቱ ላይ ተነሥቶ ለብዙ ዘመን የሚያቈስልበት ነው። አልሰረቲቭ ኮላይተስ የተባለው ዐይነት ትልቁን አንጀት ብቻ ይይዛል። ክሮንስ የተባለው ግን ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ክፍል ሊይዝ ይችላል፤ ስሙንም ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1932 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋራ ስለ በሽታው ከጻፈው ከኒው ዮርኩ ሐኪም ከዶክተር ክሮን ነው። በአገራችን አሜባና የአንጀት ቲቢ ይህንኑ ደዌ ስለሚመስሉ አስቀድሞ መመርመር ግድ ነው። ተከላካይ ኀይልን የሚያደክም መድኀኒት ቲቢ ላለበት ሰው ቢሰጥ ጕዳቱ ከባድ ይሆናልና።

ምግብ ራሱ መድኀኒት መሆኑ በሚገባ የተረጋገጠው ክሮንስ በያዛቸው ልጆች ላይ ነው። ልጁ በሐኪም ትእዛዝ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሌላውን ምግብ ትቶ በፋብሪካ የተዘጋጀ የተሟላ ፈሳሽ ምግብ ብቻ ሲጠጣ፥ በብዙዎቹ ዘንድ ቍስሉ ይበርዳል፤ ኮርቲዞንን የመሰሉ መድኀኒቶች እንደሚያደርጉትም እድገቱን አይገታውም። ለኮላይተስ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። አንባቢ «እኛም አጥሚት አለን» ይል ይሆናል። አጥሚት ለደከመ ሆድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፕሮቲኑና ቪታሚኑ ስለማይበቃ ሳምንታት ሙሉ በርሱ ብቻ መኖር አይገባም።

ሕመሙ በተነሣ ጊዜ ሩዝ፥ ድንች፥ እንቍላልና ዓሣ ለብዙ ሰው ይስማማሉ። ቆሎና ባቄላ ከነልጣጩ ግን ይቈዩ፤ ይልቁንም አንጀቱ ለጠበበበት ሰው። በርበሬ ደዌውን አያመጣም፤ የሚያቃጥለው ሰው ይቀንስ፥ የማያቃጥለው ግን ስለ ምን ይከለከላል? ወተት የማይስማማው ሰው እርጎ ሊስማማው ይችላል፤ ወተቱ ግን ከመርጋቱ በፊት ይፍላ። ደም የሚፈሰው ሰው ደም ማነስ እንዳይዘው ይመርመር። ሕመሙ ሲበርድ ወደ ለመደው ማዕድ ቀስ እያለ ይመለስ፤ መድኀኒቱን ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ አያቋርጥ። ጾመኛ የሆነም ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋራ ይምከር።

መምህራንም ቁመቱ ከእኩዮቹ የቀረውን፥ የከሳውንና ከክፍል ለመውጣት ደጋግሞ የሚጠይቀውን ተማሪ ሰነፍ ከማለታቸው በፊት ወላጆቹን ጠርተው ወደ ሐኪም እንዲወስዱት ይንገሯቸው። ሆዱ ተነፍቶ የሚያስመልሰው፥ ሰገራም ሆነ ጋዝ አልወጣ ያለው በሽተኛ ግን ምግብ መምረጡን ትቶ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ።