የቁም ሣጥኑ ጾም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በቤታችን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ነበረ። ከከተማችን ታይዋን ገበያ ከተገዛ 6 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ዚፕ ካለው ፕላስቲክ ግን አንድ ቀን ወጥቶ አያውቅም ነበር። «ለእንግዳ ነው» እንል ነበር። እንግዳው ይመጣል፤ የምንኖረው ድሬዳዋ ነውና ቬንቲሌተር ይከፈትለታል እንጂ ብርድ ልብስ አይወርድለትም ነበር። እኛም አቧራውን ጠርገን መልሰን እናስቀምጠው ነበር። የዛሬው ትምህርታችን ከዚህ ብርድ ልብስ ይነሣል።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። ቤተ ክርስቲያን ንብረት ርኩስ ነው ብላ አታስተምርም። አብርሃም የብዙ ከብት ጌታ ነበር። የጌታን ሥጋ በራሱ መቃብር ያሳረፈው የአርማትያስ ዮሴፍም ባለጸጋ ነበር። የምትወቀሰው ስስት ናት።

ስስትን ለይተን እንድናውቃት ሁለት ጎተራዎችን እናስተያይ። አንደኛው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ላይ ያለው ነው። እርሻው እጅግ ያፈራለት ባለጸጋ እህሉን የሚያኖርበት ቢያጣ፣ የነበረውን ጎተራ አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ አሰበ፤ በዚያችው ሌሊት ነፍሱ ተፈለገች። ሁለተኛው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ያለው የዮሴፍ ጎተራ ነው። ዮሴፍ በ7ቱ የጥጋብ ዓመታት ከግብፅ ምርት አምስተኛውን እጅ እየሰበሰበ አከማቸ። ሁለቱም እህል አከማችተዋል፤ ታዲያ አንዱ ሰነፍ ተብሎ ሌላው አገር ያዳነ ለምን ሆነ?

ባለጸጋው ሲያስብ የሚማከረው ከገዛ ነፍሱ ጋር ብቻ ነው፤ የራበው ሰው በአሳቡ ውስጥ አንድም ጊዜ ብቅ አላለም። ዮሴፍ ግን ገና ሲሰበስብ የሚራበውን ሕዝብና የረኀቡን ዘመን ያውቅ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስም ጎተራዎቹን ከፈተ። እንግዲህ «ለክፉ ቀን አላስቀምጥም ወይ?» ለሚል ሰው መልሱ እዚህ ላይ ነው። ለልጆች ትምህርት፣ ለሕመም፣ ለችግር ማስቀመጥ የዮሴፍ ሥራ ነው፤ የሚከፈትበት ቀንና የሚከፈትለት ሰው አለው። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ የነበረው ብርድ ልብስ ግን ቀንም አልነበረው፣ ሰውም አልነበረው።

ክፉ ቀንን ድሬዳዋ ታውቀዋለች። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 30 ሊነጋ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሺዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ይህን እያነሡ «የኃጢአታቸው ዋጋ ነው» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው 18 ሰዎች ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ጌታ ራሱ አስተምሯልና። ከዚያ ሌሊት የምንማረው ሌላ ነው። ጎርፍ ቡፌውን ከነስኒው፣ የሠርግ ፎቶውን ከነግድግዳው ይወስዳል። ከጎርፍ የተረፈ ሰው በማግሥቱ የሚለብሰው ደረቅ ልብስ ደግሞ ውኃው ባልደረሰበት ሰፈር፣ በአንዳችን ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሳርያው ባስልዮስ፣ በሣጥን የተዘጋበት ትርፍ ልብስ ባለቤቱ የታረዘው ሰው ነው ሲል ያስተማረው ይህንኑ ነው።

«እንግዲያው ሁሉን ትተን እንመንን?» የሚል ይኖራል። ቅዱስ እንጦንስ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ለባለጸጋው ጎልማሳ የተነገረውን ሰምቶ፣ ርስቱን ሰጥቶ በረሃ ወረደ። ይህ የምናኔ መንገድ ነው፤ ለሁሉ አልታዘዘም። መጥምቁ ዮሐንስ ግን ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን ትምህርት ሰጥቷል፤ ሁለት ልብስ ያለው አንዱን ለሌለው ይስጥ። ቀራጮች መጥተው በጠየቁት ጊዜም ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከተወሰነው በላይ እንዳይወስዱ አዘዛቸው። ይህ የባቡር፣ የጉምሩክና የንግድ ልጅ ለሆነች ከተማ የተነገረ ይመስላል። ነጋዴው ይነግዳል፤ ማትረፍ የት ላይ እንደሚበቃው ግን ያውቃል።

መብቃትን ለማወቅ ደግሞ የሠለጠንበት ነገር አለን፤ ጾም። በዓመት ከ180 ቀናት የሚበልጥ የምንጾም ሰዎች ነን። ሥጋውንና ወተቱን የምንተወው ርኩስ ስለሆነ አይደለም፤ ሆዳችን እንዲታዘዝና የተረፈው ለራበው እንዲደርስ ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የወደደውን ጾም ሲናገር፣ እንጀራን ለራበው ከመቁረስ ጋር የተራቆተውን ማልበስን ቆጥሮታል። ምሳችንን ያስጾምን ሰዎች ቁም ሣጥናችንን ማስጾም እንዴት ያቅተናል?

አደራረጉ ቀላል ነው። ከጾሙ ቀናት በአንዱ ባልና ሚስት ተማክረው ሣጥኑን ይክፈቱ፤ የሌላውን ንብረት ሳያማክሩ መስጠት ምጽዋት አይባልም። አንድ ዓመት ሙሉ ያልተነካውን ያውጡ። እራፊውን ለድኻ፣ ደኅናውን ለራስ ማለት የቃየልን መሥዋዕት መድገም ነው፤ ስለዚህ የሚሰጠው ታጥቦ፣ ተተኩሶ ይሰጥ። የሚቀበለውን ሃይማኖቱን አትጠይቁት፤ ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው አልጠየቀውም። በመጨረሻም ባዶ የሆነውን ቦታ በሚቀጥለው ሳምንት ታይዋን ወርዶ መሙላት ጾሙን መሻር መሆኑን አስቡ።

ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ብዙ ሰው ከድሬዳዋ ሙቀት ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ ወደ ደጋው ይወጣል። በስለት ጃንጥላና ጧፍ የሚይዝ አለ፤ ነጠላ ብቻ ደርቦ ሜዳ ላይ የሚያድርም አለ። የዚያን ደጋ ብርድ እያወቅን ብርድ ልብሱን 6 ዓመት በቆላ አስቀመጥነው። ባለፈው ሳምንት አወረድነው። ዚፑ ዝጎ አልከፈት ቢለን ፕላስቲኩን በመቀስ ቀደድነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።