ነርሷ የማን ሠራተኛ ናት?

ጥያቄ፦ ሐኪሜ ለመገጣጠሚያ ሕመሜ ሁሚራ ካዘዘልኝ ወዲህ ከአምራቹ ኩባንያ አንዲት ነርስ እየደወለች ትከታተለኛለች። ደግ ናት። ምክሯን ልመን? (አንባቢ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ነርሷን የሚልካት ኩባንያው ነው። ድሮ መድኃኒት አምራቾች የሚያውቁት ሐኪሙንና ፋርማሲውን ነበር፤ ዛሬ በሽተኛው ቤት ገብተዋል። ውድ መርፌ ለዓመታት ስለሚወሰድ፣ እርስዎ ሲያቋርጡ የእነሱም ገቢ ይቋረጣል።

ስለ አወጋጉ ግን ይስሟት፦ መርፌው ፍሪጅ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ከመወጋትዎ በፊት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውጭ እንደሚቆይ፣ ሆድና ጭን እንደሚፈራረቁ በደንብ ታውቃለች።

የጎንዮሽ ጉዳት ሲሆን ነገሩ ይለያል። በ2018 የካሊፎርኒያ የኢንሹራንስ ኮሚሽነር፣ የአምራቹ የአብቪ ነርሶች የመድኃኒቱን አደጋ አድበስብሰዋል ብለው ከሰሱ። ኩባንያው በ2020 24 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ ነርሶቹም በኩባንያው የተመደቡ እንጂ በሐኪሙ ሥር የማይሠሩ መሆናቸውን ለበሽተኛው ለመግለጽ ቃል ገባ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ሁሚራ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ ተደብቆ የኖረውን ነቀርሳ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ አገር ቤት ያደግን ሰዎች ደግሞ ሳናውቀው ተሸክመነው ልንኖር እንችላለን። መርፌውን ከመጀመርዎ በፊት ተመርምረዋል? ካልተመረመሩ ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ይደውሉ። የማይለቅ ሳል፣ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ከመጣም መጀመሪያ የሚደውሉት ለሐኪምዎ ነው።