ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና ለዕለት መንገድ ያስፈልገናል?

ወላጆች፣ ልጃችን «ፈጣኗን እንግዛ» ብሎ የብድር ወረቀት ሲያመጣልን ከመፈረማችን በፊት እናወዳድር። የ2023 ኪያ ኢቪ6 ሁለት ዓይነቶችን እንይ፤ ሁለቱም ባለ 77.4 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ናቸው።

1. ፍጥነት፦ ጂቲ የተባለችው ከቆመችበት ተነሥታ በሰዓት 100 ኪ.ሜ. ለመድረስ 3.5 ሰከንድ ይበቃታል፤ በኋላ ጎማ ብቻ የምትነዳው 7.3 ሰከንድ ይፈጅባታል። በክርያት ቢያሊክ መንገዶች ግን የተለመደው የፍጥነት ገደብ 50 ነው።

2. ርቀት፦ በአውሮፓ መለኪያ ባትሪው አንዴ ሲሞላ ጂቲ 424 ኪ.ሜ.፣ ሁለተኛዋ እስከ 528 ኪ.ሜ. ይሄዳሉ።

3. ወጪ፦ ጂቲ ሰፋፊ ባለ 21 ኢንች ጎማ አላት፤ መለወጫው ይወደዳል።

ሐይፋ ሠርቶ ለመመለስ ሁለተኛዋ ከበቂ በላይ ናት። ለአዲስ ነጂ ደግሞ ያ ሁሉ ጉልበት አደጋ ነው። ስለዚህ አስቀድመን የወጣት ነጂ ኢንሹራንስ ዋጋን እንጠይቅ፤ ሕንፃችን ቻርጅ ማድረጊያ እንዳለውም እናረጋግጥ።